ዓይን የሚሰማው ዝማሬ፡ ምስልና እንቅስቃሴ ምን ይናገራሉ?

የስልካችንን ድምፅ ዘግተን አንድ የዘፈን ወይም የመዝሙር ምስል እንመልከት። ግጥሙን አንሰማም፤ ዜማውም ወደ ጆሯችን አይደርስም። ሆኖም ጥቂት እንደ ቆየን ነገሩ የሠርግ ይሁን የሐዘን፣ የገጠር ይሁን የከተማ፣ የጸሎት ይሁን የጨዋታ መለየት አያቅተንም። አለባበሱ፣ ቦታው፣ የፊቱ ገጽታና የአካሉ እንቅስቃሴ ይነግሩናል። ዛሬ ልጆቻችን ዝማሬን ከመስማት ይልቅ የሚያዩት በመሆኑ ይህን ቋንቋ ማወቅ ለሁላችን ያስፈልገናል።

አካልም ልብስም ይናገራሉ

በሀገራችን ጭፈራ ሁሉ መልእክት አለው። እስክስታ በትከሻና በአንገት ይናገራል፤ የጉራጌ ጭፈራ በእግር ፍጥነት ይታወቃል፤ በትግራይ ከበሮውን ከብበው በኅብረት ይዞራሉ፤ በሐረርጌው ሸጎዬ ወጣቶች ፊት ለፊት ቆመው ይጨፍራሉ። የዘፈን ምስል ይህን ሁሉ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰብስቦ ያሳየናል። የዚያን አካባቢ ሰው አግኝቶ የማያውቅ ተመልካችም «ሕዝቡ እንዲህ ነው» ብሎ ይደመድማል። በአንድ ምስል ውስጥ የብዙ ብሔረሰብ ልብስ ለብሰው የሚጨፍሩ ሲታዩ፣ በግጥሙ ባይነገርም መልእክቱ አንድነት ነው። ቤትና መኪና፣ ጌጥና የተራቆተ ገላ ብቻ ሲደጋገሙ ደግሞ የተሳካ ሕይወት ማለት ይህ ነው የሚል ትምህርት በዝምታ ይተላለፋል።

ነጠላን እንውሰድ። በመስቀለኛ ያጣፋው ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሄድ እናውቃለን፤ ያዘቀዘቀው ሐዘን እንዳለበት እንረዳለን፤ በዓል የሚያከብረውንም ከአጣጣሉ እንለያለን። ልብሱ አንድ ሲሆን አለባበሱ ግን ሦስት ነገር ይናገራል። ካሜራም እንዲሁ ነው። ማንን አቅርቦ፣ ማንን አርቆ፣ ማንን ከላይ፣ ማንን ከታች አድርጎ እንደሚያሳይ ሲመርጥ ማን ታላቅ፣ ማን አጃቢ እንደ ሆነ ይወስንልናል።

ሁለት ጭፈራዎች በመጽሐፍ ቅዱስ

«ዘፈነ» የሚለው የግእዝ ግስ በአካል መወዛወዝንና መጨፈርን ያመለክታል። ዛሬ በአማርኛ «ዘፈን» ስንል በአብዛኛው ዓለማዊውን ዜማ ማለታችን ነው። ይህን ልዩነት ባለማስተዋል «ዳዊትም ዘፍኗል» እያሉ ማናቸውንም ጭፈራ ለማጽደቅ የሚሞክሩ አሉ። ይሁን እንጂ መጽሐፍ ቅዱስ ሁለት እጅግ የተለያዩ ጭፈራዎችን አስቀምጦልናል።

የመጀመሪያው የንጉሡ የዳዊት ነው (2ኛ ሳሙ. 6)። የእግዚአብሔር ታቦት ወደ ከተማው ሲገባ ንጉሡ የበፍታ ኤፉድ ታጥቆ በሙሉ ኃይሉ አመሰገነ። ክብሩን ለታቦቱ ባለቤት ሰጥቶ ከሕዝቡ ጋር አንድ ሆነ። ሜልኮል ግን በመስኮት ሆና አየችውና በልቧ ናቀችው፤ እንቅስቃሴውን አየች እንጂ በማን ፊት እንደሚደረግ አላስተዋለችም። ሁለተኛው የሄሮድያዳ ልጅ ጭፈራ ነው (ማር. 6)። በልደት ግብዣ ላይ ንጉሡንና አብረውት የተቀመጡትን ደስ ለማሰኘት ተደረገ፤ ፍጻሜውም የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት ሆነ። እንግዲህ ሁለቱን የለያቸው የአካሉ መንቀሳቀስ ሳይሆን በማን ፊት፣ ለማን ክብር፣ ለምን ዓላማ የሚለው ነው።

የያሬዳዊው ዝማሬ ምሥጢር

ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱስ ያሬድ ዘመን፣ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ ዜማን ከእንቅስቃሴ ጋር ይዛ ኖራለች። ቅዱስ ያሬድ በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡም እርሱም በዜማው ተመስጠው የንጉሡ ጦር እግሩን እንደ ወጋው አላወቁም ተብሎ ይተረካል። ዝማሬው ሰውን ከራሱ አውጥቶ ወደ አምላኩ ያደርስ እንደ ነበር ከዚህ እንረዳለን።

በአቋቋም ቁም ዜማ፣ ዝማሜ፣ መረግድና ጽፋት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓትና ፍጥነት አላቸው። መምህራን እንደሚያመሠጥሩት መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል ጌታችን በሕማሙ ጊዜ መንገላታቱን ያሳስባል። የከበሮው ጠፍር በጅራፍ የተገረፈበትን ሰንበር ያመለክታል። የጸናጽሉ ሁለት ዓምዶች የብሉይና የሐዲስ፣ በመካከል የሚያልፉት ዘንጎች ደግሞ የያዕቆብ መሰላል ምሳሌዎች ናቸው። ስለዚህ ከበሮ መችው ራሱን አያሳይም፤ በእጁ መከራ መስቀሉን ይተርካል።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ዝምታውም መናገሩ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ መቋሚያው ብቻ ይቀራል። ማንም ባያስረዳው እንኳ ወደ ቤተ መቅደስ የገባ ምእመን ወቅቱ የጾምና የንስሐ መሆኑን በዓይኑም በጆሮውም ይረዳል። ትንሣኤ ሲደርስ ከበሮው ሲመታ የደስታው ታላቅነት የሚሰማን ያ ዝምታ ስለ ቀደመው ነው።

ከደረሰብን እንማር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምናገለግልበት ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ የንስሐ መዝሙር በምስል ተቀረጸ። ቦታው በአበባ ያጌጠ መናፈሻ ነበር። የሚቀርጸው ወንድማችን ምስሉ እንዲደምቅ ፈገግ እንድንል ነገረን፤ እኛም እሺ አልን። ግጥሙ ስለ ዕንባ ሲናገር ፊታችን ይስቅ ነበር። ሥራው ካለቀ በኋላ ጆሯቸው የደከመ አንዲት እናት ምስሉን ተመልክተው «ልጆቼ፣ እንዲህ ደስ ያላችሁ ምን አግኝታችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ሁላችንም አንገታችንን ደፋን። እኒህ እናት ያላነበቡት ነገር አልነበረም፤ ያሳየናቸውን በትክክል አንብበዋል። የተሳሳትነው እኛ ነበርን።

ይህ ጉዳይ በውጭው ዓለም ለሚያድጉ ልጆቻችን ይልቁን ከባድ ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ካሉት ሕፃናት ብዙዎቹ የግጥሙን አማርኛ በሚገባ አይረዱም፤ ግእዙንማ እንዴት ይረዱታል? የሚያነቡት ምስሉን ነው። ልብሰ ተክህኖ እንደ ማስዋቢያ፣ ቤተ መቅደስ እንደ ማራኪ መቅረጫ ስፍራ፣ ዘማሪውም እንደ ዝነኛ ሰው ሆኖ ከታያቸው ቤተ ክርስቲያንን በዚያ መልክ ያውቋታል። በሥርዓት የቆሙ ሊቃውንትን፣ በትሕትና የሚዘምሩ ወጣቶችን ካዩ ደግሞ ያው ስልክ መልካም መምህር ይሆንላቸዋል። ስለዚህ ነቀፌታችን በመሣሪያው ላይ አይደለም።

የምንዘምርም የምንመለከትም አራት ነገሮችን እንመርምር። ፊታችንና እንቅስቃሴያችን ከመዝሙሩ ቃል ጋር ይስማማሉን? አለባበሳችንና ቦታው ለዝማሬ የተገቡ ናቸውን? ከጾሙና ከበዓሉ ሥርዓት ጋር ይሄዳልን? ተመልካቹ ሲጨርስ በልቡ የሚቀረው የዘማሪው መልክ ነው ወይስ የአምላኩ ምስጋና? ያጠራጠረንን የአቋቋም መምህራንን፣ የንስሐ አባቶቻችንንና የደብራችንን አስተዳዳሪዎች እንጠይቅ። ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር አብረው ይመልከቱ፤ አንዳንዴም ድምፁን ዘግተው «ይህ ምስል ምን አለህ? ምን አለሽ?» ብለው ይጠይቋቸው። ከልጆቻችን የምንሰማው መልስ ከእኛ ዘንድ ምን እንደ ጎደለ ያሳየናል።

ዝማሬያችንን በፊቱ የተወደደ ያድርግልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።