ሽፋኑ ከመጣሉ በፊት መደቡ ይጽዳ

ባለሙያ ሴት እንጀራ ከመጋገሯ በፊት ምጣዷን በጎመን ዘር አሳምራ ታስሳለች። ሊጡ የቱንም ያህል ቢቦካ፣ ምጣዱ ካልታሰሰ እንጀራው ይጣበቃል። የፊዚክስ ሊቃውንትም በላቦራቶሪያቸው ይህንኑ የሚመስል ችግር አጋጥሟቸዋል።

እንደሚታወቀው ኤሌክትሪክ በሽቦ ሲያልፍ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል። ነገር ግን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1911 ሆላንዳዊው ሊቅ ካመርሊንግ ኦነስ፣ ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ገደማ ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን መቃወሙ ፈጽሞ እንደሚቀር ደረሱበት። እንዲህ ያለው ነገር ሱፐርኮንዳክተር ይባላል። በ1987 ደግሞ ከኢትሪየም፣ ከባሪየም፣ ከመዳብና ከኦክሲጅን የተሠራ ውሑድ ከዜሮ በታች 181 ዲግሪ ገደማ ላይ ይህንኑ ጠባይ አሳየ። ለዚህ ቅዝቃዜ ዋጋው ርካሽ የሆነው ፈሳሽ ናይትሮጅን ስለሚበቃ ተስፋው ታላቅ ሆነ።

ይህ ውሑድ ለረቂቅ መሣሪያዎች የሚያገለግለው በሌላ ክሪስታል ላይ እንደ ስስ ሽፋን ተጥሎ ነው። ሆኖም በሽፋኑ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ክሪስታሎች አቅጣጫቸው ከተዛባ፣ በመካከላቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ይቀንሳል፤ ይህም በ1988 በአሜሪካ በአይ.ቢ.ኤም. ላቦራቶሪ ተረጋግጧል። አቶሞቹ የሚደረደሩት ደግሞ ከሥራቸው ያለውን መደብ ተከትለው ነው።

ለመደብነት ከሚመረጡት አንዱ ስትሮንቲየም ታይታኔት ነው። ይህ ክሪስታል ሁለት ዓይነት ንጣፎች እየተፈራረቁ የተሠራ ነው፤ አንዱ የስትሮንቲየም ኦክሳይድ፣ ሌላው የታይታኒየም ኦክሳይድ። ተቆርጦ ሲወለወል ለዓይን እንደ መስተዋት ቢያበራም፣ በገጹ ላይ ሁለቱም ንጣፎች ተደባልቀው ይቀራሉ። ሽፋኑም በአንዱ ቦታ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል፣ በሌላው ቦታ በሌላ ዓይነት ስለሚጀምር፣ ሁለቱ በሚገናኙበት ስፍራ ጉድለት ይፈጠራል።

በ1994 በጃፓን የቶክዮ ቴክኖሎጂ ተቋም ማሳሺ ካዋሳኪና ባልደረቦቻቸው መፍትሔ አቀረቡ። አሲድነቱ በጥንቃቄ በተመጠነ የሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ድብልቅ ገጹን ሲያጥቡት፣ ስትሮንቲየም ኦክሳይዱ ሟሙቶ ሄደ፤ የታይታኒየም ኦክሳይዱ ብቻ ቀረ። ገጹም የእያንዳንዱ ደረጃ ከፍታ 0.4 ናኖሜትር ገደማ የሆነ፣ የተስተካከለ እርከን መሰለ። ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ እጅ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

አሲዱ ግን ብዙ ከቆየ ክሪስታሉን ይቦረቡራል። ስለዚህ በሆላንድ የትዌንቴ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1998 ቀላል ዘዴ ጨመሩ፤ ክሪስታሉን አስቀድመው በንጹሕ ውሃ ነከሩት። ውሃው ስትሮንቲየም ኦክሳይዱን በቀላሉ ወደሚሟሟ ሃይድሮክሳይድ ስለ ለወጠው፣ አሲዱ ሥራውን በአጭር ጊዜ ፈጸመ። ከዚያም ክሪስታሉ በኦክሲጅን ውስጥ ሲጋል የእርከኖቹ ጠርዝ ተስተካከለ።

ለተማሪም ሆነ ለወጣት ሹም ከዚህ የሚገኝ ትምህርት አለ። ሥራ ሲበላሽ የመጨረሻውን እጅ ብቻ መውቀስ አይበቃም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የተደረገውን ዝግጅት መመርመር ይገባል።