ለአእዋፍ ምልከታ የሚሆን የርቀት መነጽር አመራረጥ

የርቀት መነጽር (ባይኖኩላር) ለመግዛት የሚፈልጉ ጎብኚዎችና አስጎብኚዎች ብዙውን ጊዜ አስቀድመው የሚጠይቁት የማጉላት አቅሙን ነው። ይሁንና ከፍተኛ ቁጥር ሁልጊዜ የተሻለ እይታ አያስገኝም።

በመሣሪያው ላይ 8×42 ተብሎ ሲጻፍ 8 የማጉላት አቅሙን፣ 42 የፊተኛውን ሌንስ ስፋት በሚሊ ሜትር ያመለክታል። 42 ለ8 ሲካፈል የሚገኘው 5.25 ሚሊ ሜትር ወደ ዓይን የሚደርሰው የብርሃን ክብ ስፋት ነው፤ በ10×42 ይህ ወደ 4.2 ዝቅ ይላል። እንደ መናገሻ ሱባ ባለ ጥላማ ደን፣ በተለይም ማለዳ ላይ፣ ልዩነቱ ይታያል። በተጨማሪም 10 እጥፍ የሚያጎላው የእጅንም መንቀጥቀጥ አብሮ ያጎላል፤ የእይታ ስፋቱም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠብ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል ወፍ በቀላሉ ታመልጣለች። ስለዚህ ለጀማሪ 8×42 ይመረጣል። እንደ አብጃታ ሐይቅ ባለ ገላጣ ስፍራ ፍላሚንጎዎችን ከሩቅ ለሚመለከት ግን 10×42 ይጠቅማል።

ለስታዲየም ወይም ለመንገድ 8×25 ቀላልና በቂ ነው፤ ሲመሽ ግን ይደበዝዛል።

የዓይን መነጽር የሚያደርጉ ሰዎች መነጽራቸውን ሳያወልቁ ሙሉው ክብ የሚታያቸው መሆኑን ሞክረው ይግዙ። በመሣሪያው ፀሐይን መመልከት ዓይንን ለዘለቄታው ሊጎዳ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

መሣሪያውን ከውጭ አገር ይዞ ለመግባት ያሰበ ማንኛውም ሰው በመግቢያው ላይ እንዳይያዝበት፣ ፈቃድ የሚያስፈልገው መሆኑን ከጉዞው በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን ማረጋገጥ ይኖርበታል።