በአንድ ኮምፒዩተር ብዙ ኤስኤስዲ ስለ ማኖር

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 አይቢኤም የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያቀረበው የመጀመሪያው የዲስክ ማኅደር፣ 50 ሰፋፊ ክብ ሰሌዳዎችን በአንድ ዘንግ ላይ ደርድሮ እያሽከረከረ፣ ክብደቱም ወደ አንድ ቶን እየተጠጋ፣ ሊይዝ የሚችለው ጽሕፈት ግን 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር። በቶሺባ ይሠራ የነበረው ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ባስገኘው የፍላሽ ጥበብ መሠረት የሚሠራው የዛሬው ኤስኤስዲ ግን፣ የሚሽከረከር ሰሌዳም ሆነ የሚንቀሳቀስ ክንድ ሳይኖረው፣ ኤሌክትሮኖችን በረቂቅ ሕዋሳት ውስጥ አጥምዶ በመያዝ፣ ርዝመቱ 80 ስፋቱ 22 ሚሊ ሜትር በሆነ ቀጭን ሰሌዳ ላይ በቴራባይት የሚቈጠር መረጃ ያኖራል።

እንግዲህ ዲስኩ የሞላበት፣ ወይም ፊልም ማቀናበርን የመሰለ ከባድ ሥራ የያዘ ሰው፣ በዴስክቶፑ ውስጥ ሁለትና ሦስት ኤስኤስዲ ለማኖር ቢሻ ባዶ ስሎት ማየቱ ብቻ አይበቃውም፤ ካቻቢቴውን ከማንሣቱ አስቀድሞ የማዘርቦርዱን መመሪያ መግለጥ ይገባዋል ብዬ አጥብቄ አምናለሁ፤ የማኅደሩ ፍጥነት ከገዛ ባሕርዩ ባሻገር በተሰጠው መንገድም ይወሰናልና።

መንገዶቹ ሁለት ናቸው። ቀድሞ ለሃርድ ዲስክ የተዘረጋው ሳታ በሰከንድ ከ550 ሜጋባይት እምብዛም አያሳልፍም፤ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ግን በፒሲአይ ኤክስፕረስ መስመር እየተጓዘ በአራተኛው ትውልድ 7,000 ሜጋባይት ያህል ይደርሳል። በኤም ዶት ቱ ቅርጽ የሚሠሩት ሰሌዳዎች ከሁለቱም ወገን ስለሚገኙና መልካቸውም ስለሚመሳሰል፣ ለሳታ ብቻ በተዘጋጀ ስሎት ኤንቪኤምኢውን የሰካ ሰው ኮምፒዩተሩ ፈጽሞ ባያየው፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ለመፍረድ አይቸኩል።

በ2020 የወጣውን የኤኤምዲ ቢ550 ማዘርቦርድ ለአብነት እንውሰድ። በአብዛኞቹ ላይ የመጀመሪያው ኤም ዶት ቱ ስሎት ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ፣ ፕሮሰሰሩ የሚፈቅድ ሲሆን፣ የአራተኛውን ትውልድ ፍጥነት በሙሉ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ግን በቺፕሴቱ አማካይነት በሦስተኛው ትውልድ ስለሚያልፍ፣ ያው 7,000 የሚያነበው ኤስኤስዲ በዚያ ቢቀመጥ ወደ 3,500 ይወርዳል። ከዚህም በላይ፣ ከየመንደሩ የሚመጡ መንገዶች ወደ ገበያ ለመድረስ በአንድ ድልድይ እንደሚሻገሩ፣ በቺፕሴቱ ሥር ያሉት ማኅደሮች ሁሉ ከኔትዎርኩ ጋር ጭምር ወደ ፕሮሰሰሩ የሚደርሱት በአንድ የጋራ መስመር ነው። ደግሞም በብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ስሎት በተሞላ ጊዜ ከሳታ ወደቦች አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ዲስክ ዛሬ የጠፋበት ሰው ኬብሉን ወደ ሌላ ወደብ በማዛወር ብቻ መልሶ ሊያገኘው ይችላል።

በሳታ የሚሠራው ባለ ሁለት ተኩል ኢንች ኤስኤስዲ አንድ የመረጃና አንድ የኃይል ኬብል ይፈልጋል። በዚህ ስፍራ አንባቢን ከልብ የማስጠነቅቀው ነገር አለ፤ ኬብሎቹ ተነቃይ የሆኑ ፓወር ሰፕላይ ያለው ሰው፣ ጫፉ በልክ ገባልኝ ብሎ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል ከቶ አይሰካ። በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው የሽቦ አሰላለፍ በሠሪዎች ሁሉ ዘንድ የጸና ሥርዓት ስለሌለው፣ 12 ቮልቱ ለ5 ቮልት በተመደበው ሽቦ ገብቶ በኬብሉ ላይ የተያያዙትን ማኅደሮች ሁሉ በቅጽበት ሊያቃጥል ይችላል፤ ዕቃው በገንዘብ ይተካል፣ በውስጡ የነበረው የቤተሰብ ፎቶግራፍና የዓመታት ድርሰት ግን አይመለስም።

የመትከሉ ሥራ ራሱ ቀላል ነው። ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፣ እጅም የኬዙን ብረት ነክቶ የሰውነት ስታቲክ ኤሌክትሪክ ከወረደ በኋላ፣ ሰሌዳው 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሎ ይገባል፣ ዝቅ ተደርጎም በአንዲት ትንሽ ቪት ይታሰራል። ሙቀት ሲበዛበት ፍጥነቱን በራሱ ስለሚቀንስ ሙቀት አብራጅ ብረት ቢደረብለት መልካም ነው፤ ከብረቱ ሥር ያለው የላስቲክ ሽፋን ግን አስቀድሞ ይላጥ።

ግብራቸውን በተመለከተ፣ ፈጣኑን ለስርዓተ ክወናው፣ ሁለተኛውን በእጅ ላለው ሥራ፣ የሳታውን ለመዛግብት መመደብን እመርጣለሁ። በ1988 የበርክሌይ ሊቃውንት ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ በጽሑፍ ያስተዋወቁት ሬይድ የተባለው ዘዴ ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ ያሠራል፤ ነገር ግን መረጃውን ለፍጥነት የሚከፋፍለው ሬይድ 0፣ ከሁለቱ ዲስኮች አንዱ ሲሞት የሁለቱንም ይዞ ይጠፋል፤ ሬይድ 1 በበኩሉ አንዱን በሌላው ላይ ቢገለብጥም፣ በስሕተት የተሰረዘውንም ከሁለቱም ላይ ይሰርዘዋልና፣ ከኬዙ ውጭ ሌላ ግልባጭ ከማኖር አያሳርፍም።

ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭን ሰው የስርዓቱን ኤስኤስዲ ብቻ አስቀርቶ ሌሎቹን ይንቀል፤ አለዚያ የማስነሻው ክፍል በሌላው ዲስክ ላይ ሊቀመጥና፣ ያ ዲስክ በወጣ ቀን ኮምፒዩተሩ አልነሣም ሊል ይችላል። ጭነቱ ሲያልቅ ኤሌክትሪኩ ዳግመኛ ጠፍቶ ቀሪዎቹ ወደየስፍራቸው ይመለሳሉ፤ አዲሱ ዲስክ በዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ባዶ ሆኖ ሲታይም ጂፒቲ የተባለው የክፍፍል ሥርዓት ይመረጥለታል፤ የቀድሞው ኤምቢአር ከ2 ቴራባይት በላይ ያለውን ስፍራ አያዝዝምና። ከዚያም ፎርማት ተደርጎ በተመደበለት ግብር ስም ይሰየማል።