«ክላውድ ላይ ያለ ፋይል አይጠፋም»፦ የአነስተኛ ድርጅቶች አሳሳች እምነት

አነስተኛ ድርጅቶች የሒሳብ ሰነዳቸውን፣ ውሎቻቸውንና የደንበኞቻቸውን ዝርዝር ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት አማካይነት ወደሚገለገሉበት የአገልግሎት ሰጪ ኩባንያ የመረጃ ማከማቻ፣ ማዛወር ከጀመሩ ወዲህ አንድ እምነት አብሮ ተስፋፍቷል፤ እርሱም ፋይሉ ጉግል ድራይቭ፣ ድሮፕቦክስ ወይም ዋንድራይቭ ላይ አንድ ጊዜ ከተጫነ ከዚያ በኋላ አይጠፋም የሚለው ነው። ስለ ፋይል መጋራት ከሚነገሩት የተሳሳቱ አስተያየቶች ሁሉ ይህኛው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ድርጅቱ ጥበቃ ያለው እየመሰለው ሌላ ቅጂ ማስቀመጡን ይተዋል፤ ጉድለቱም የሚገለጠው ፋይሉ ተፈልጎ ሲታጣ ነው።

እምነቱ ጨርሶ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ትልልቆቹ አገልግሎት ሰጪዎች አንዱን ፋይል በተለያዩ ዲስኮች ላይ ደጋግመው ስለሚያስቀምጡ፣ የሠራተኛው ላፕቶፕ ቢሰረቅ ወይም ሐርድ ዲስኩ ቢበላሽ ሰነዱ ከሌላ ኮምፒውተር ይገኛል፤ በዚህ ረገድ ክላውድ ሥራን ሁሉ በአንድ ፍላሽ ከመያዝ እጅግ ይሻላል። ነገር ግን ይህ ጥበቃ ለዕቃ ብልሽት እንጂ ለሰው ስሕተት አይደለም። አገልግሎቶቹ የሚሠሩት በማመሳሰል፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፎልደርና በኩባንያው ማከማቻ ያለው ቅጂ ምንጊዜም አንድ ዓይነት እንዲሆኑ በማድረግ በመሆኑ፣ በአንደኛው ላይ የተደረገው ለውጥ በሌሎቹም ላይ ይደረጋል፤ ሒሳብ ሠራተኛዋ የዓመቱን ደረሰኞች የያዘውን ፎልደር ሳታስበው ብትሰርዘው፣ ስረዛው ፎልደሩን ወደሚጋሩት ባልደረቦቿ ኮምፒውተሮች ሁሉ ይደርሳል። ፋይሎችን ቆልፎ ለመክፈቻው ገንዘብ የሚጠይቀው፣ ራንሰምዌር የሚባለው ጎጂ ፕሮግራም ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ነው፤ የተቆለፉት ፋይሎች ወደ ክላውድ ወጥተው የደህናዎቹን ቦታ ይይዛሉ።

የተሰረዘውን መልሶ ማግኘት ይቻላል የሚለው መከራከሪያ እውነት ቢሆንም በጊዜ የተገደበ ነው። ጉግል ድራይቭ መጣያው ውስጥ የገባን ፋይል ከ30 ቀን በኋላ ለዘለቄታው ያጠፋዋል፤ የዋንድራይቭ የግል አካውንትና የድሮፕቦክስ ነፃ አገልግሎት ገደብም 30 ቀን ሲሆን፣ የዋንድራይቭ የድርጅት አካውንት 93 ቀን ይታገሣል። በሚያዝያ የተሰረዘ የደረሰኝ ፎልደር ግብር ሊታወቅ በጥቅምት ቢፈለግ፣ ከእነዚህ ገደቦች አንዳቸውም አይደርሱለትም፤ በአነስተኛ ድርጅት ውስጥ ደግሞ አሮጌ ፎልደር የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ነው።

ይህ ሁሉ ተሰውሮ ያልቀረ ሆኖ ሳለ፣ አገልግሎቱን የሚሸጡና ሥልጠና የሚሰጡ አንዳንድ ሰዎች «ክላውድ ካላችሁ ባክአፕ አያስፈልጋችሁም» እያሉ መናገራቸው ይቅር የሚባል ቸልተኝነት አይደለም። ማይክሮሶፍት ራሱ በአገልግሎት ውሉ ውስጥ ተጠቃሚዎች የሚያስቀምጡትን መረጃ በየጊዜው ባክአፕ እንዲያደርጉ ይመክራል። እ.ኤ.አ. በማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በተቃጠለ ጊዜ፣ ምትክ ቅጂያቸውን እዚያው ግቢ አስቀምጠው የነበሩ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል፤ በኖቬምበር 2023 ደግሞ በጉግል ድራይቭ የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ በደረሰ ብልሽት የአንዳንድ ተጠቃሚዎች የቅርብ ወራት ፋይሎች ከዓይናቸው ተሰውረው ነበር።

ባክአፕ ወይም ምትኬ ሊባል የሚገባው ከዋናው ፋይል ጋር የማይመሳሰል፣ ዋናው ሲሰረዝ አብሮ የማይሰረዝ ቅጂ ነው። ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከቢሮው ውጭ እንዲሆን ይመክራሉ፤ ይህ ሙሉ ሥርዓት ለሦስት ሰው ድርጅት የግድ ነው ወይ የሚለው ሊያከራክር ይችላል፤ ሆኖም በየሳምንቱ ፋይሎቹን ወደ ኤክስተርናል ሐርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅሎ በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ከማንኛውም ድርጅት አቅም በላይ አይደለም። መንቀሉ ሊዘነጋ አይገባም፤ እንደተሰካ የሚውል ዲስክ በራንሰምዌር አብሮ ይቆለፋልና። ከቅጂው ላይ አንዳንድ ፋይል እየከፈቱ ደህንነቱን ማረጋገጥም የሥራው አካል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚጎዳው፣ ከቡድኑ ጋር የተጋሩት ፋይል የድርጅቱ ንብረት ሆኗል ብሎ ማሰብ ነው። ሠራተኛው በግል የጂሜይል አካውንቱ የፈጠረው ሰነድ ባለቤቱ ያ አካውንት ስለሆነ፣ ሠራተኛው ሥራ ለቅቆ አካውንቱን ቢዘጋው ሰነዱ ከሁሉም እጅ ይወጣል፤ ጉግልም ለሁለት ዓመት ያልተከፈቱ የግል አካውንቶችን ከዲሴምበር 2023 ጀምሮ ማጥፋት ጀምሯል። ስለዚህ ሰነዱ በድርጅቱ ስም በተከፈተ አካውንት ውስጥ መፈጠር አለበት፤ አቅም ሲኖር ደግሞ ባለቤትነቱ የግለሰብ ሳይሆን የቡድኑ የሚሆንበት የጋራ ድራይቭ ያለው የክፍያ ደረጃ ይመረጣል።

ነፃው ቦታ ይበቃል የሚለው ለጽሑፍ ሰነድ ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ነገር ግን የጉግል 15 ጊጋባይት ለኢሜይልና ለፎቶግራፍም የሚውል በመሆኑ፣ ሲሞላ ድርጅቱ የደንበኛ ኢሜይል መቀበሉም ይቆማል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራ ይቆማል የሚለው አስቀድሞ ከመስመር ውጭ እንዲሠሩ ለተዘጋጁ ፋይሎች ትክክል አይደለም። ሊንኩ ያላቸው የተላከላቸው ሰዎች ብቻ ናቸው የሚለው ግን ፍጹም ስሕተት ነው፤ «ሊንኩ ያለው ማንኛውም ሰው» በሚለው ምርጫ የተጋራ የደመወዝ ዝርዝር፣ ሊንኩ በቴሌግራም በተላለፈ ቁጥር ለተቀበለው ሁሉ ይከፈታል፤ መፍትሔውም ፈቃዱን በስም ለተጠቀሱ የኢሜይል አድራሻዎች ብቻ መስጠት ነው።