የምትሐት አሻንጉሊት ለሚያንቀሳቅስ ሥራ ርካሽ ሞተር ስለ መምረጥ

በአሜሪካ አገር በያመቱ ኦክቶበር 31 ቀን ማታ፤ ይኸውም በኢትዮጵያ አቈጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ጥቅምት 21 ቀን፤ ሃሎዊን የሚባል በዓል ይደረጋል። ስሙ የወጣው በምዕራባውያን ክርስቲያኖች ዘንድ ኖቬምበር 1 ቀን ከሚከበረው ከቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ነው። ልማዱንም ወደ አሜሪካ በብዛት ያገቡት በ19ኛው መቶ ዓመት ከአየርላንድና ከስኮትላንድ የተሰደዱ ሰዎች ናቸው። በዚያች ማታ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው፤ የኢትዮጵያ ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል እንደሚቀበሉ ሁሉ፤ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞሩ ጣፋጭ ይለምናሉ። ባለቤቶቹም ዱባ ፈልፍለው መብራት ያኖሩበታል፤ ከነጭ ጨርቅም ምትሐት ሠርተው በደጃቸው ይሰቅላሉ። በዓሉን የማይወዱ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ነቀፌታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን ምትሐቱን የሚያነሣውና የሚያወርደው ሞተር ውሃ ቢስብበት ወይም ወንፊት ቢነቀንቅበት ሕጉ አንድ ነውና አመራረጡን ማወቅ ለመምህር ይጠቅማል።

የምትሐቱ አሠራር እንዲህ ነው። ከቀላል ነገር የተበጀ ራስና ሁለት እጅ ስስ ነጭ ጨርቅ ይለብሳሉ። አንድ ክር ከራሱ፤ ሁለት ክሮችም ከእጆቹ ይታሰራሉ። ሦስቱም ክሮች ከላይ በተጋደመ እንጨት ላይ በተተከሉ ቀለበቶች ውስጥ አልፈው በሞተሩ ክንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ቀለበቶቹ በክንዱ ዙሪያ በልዩ ልዩ አቅጣጫ ስለ ቆሙ፤ ክንዱ ሲዞር ክሮቹን በየተራ ይስባል። ራሱ ሲነሣ አንዱ እጅ ገና ወደ ታች ይወርዳል፤ ሌላውም መውጣት ይጀምራል። ስለዚህ ሞተሩ አንድ ብቻ ሲሆን ምትሐቱ ግን በነፋስ ላይ የሚዋኝ ይመስላል።

እንዲህ ያለው ምትሐት የሚያስፈራው በዝግታው ነው። በችኰላ ቢዘል ልጆቹ ይሥቁበታል እንጂ አይፈሩትም። ደኅና የሚሆነው አንዱ ዙር ከ3 እስከ 4 ሰኮንድ ሲፈጅ ነው፤ ይህም ማለት ክንዱ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ይዞር ዘንድ ያስፈልጋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ላይ ነው። ከቤቱ የተጣለ የነፋስ መስጫ ሞተር ያገኝና፤ ያለ ዋጋ ስለ ተገኘ ደስ ብሎት ክንድ ይተክልበታል። ነገር ግን ያ ሞተር በደቂቃ ከ1000 ጊዜ በላይ የሚዞር ሲሆን ጕልበቱ ጥቂት ነው። ክሩ ከተሳበበት ወይም በፍጥነት ይበጣጥሰዋል፤ ወይም ደግሞ ይቆምና ይግላል። ትንንሽ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አብዛኞቹ ፈጣኖችና ደካሞች ናቸው። ፍጥነቱን ወደ ጕልበት የሚለውጠው ጥርሳም መንኰራኵር ነው፤ ገንዘብም የሚያስወጣው ይኸው ጥርስ እንጂ ሞተሩ አይደለም። እንግዲህ ርካሽ ሞተር የሚፈልግ ሰው ጥርሱ አስቀድሞ የተሠራለትን አሮጌ ዕቃ ይፈልግ።

የሚያስፈልገው ጕልበት ምን ያህል እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ይታወቃል። ውሃ የተሞላ ቅል የያዘ ሰው ከደረቱ አስጠግቶ ቢይዘው አይከብደውም፤ ክንዱን ዘርግቶ ቢይዘው ግን ወዲያው ይዝላል፤ የቅሉ ክብደት ግን አልተለወጠም። የሞተር ክንድም እንደዚሁ ነው። የሚነሣው ነገር ግማሽ ኪሎ ቢሆንና የክንዱ ርዝመት 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፤ ግማሽን በ15 ማባዛት ነው፤ 7 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ይህም ከዘንጉ መካከል በ1 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ 7 ኪሎ ተኩል እንደ ማንሣት ያለ ድካም ነው። ክሩ በቀለበቶቹ ውስጥ ሲፋተግ የሚጠፋው ጕልበት ስለሚጨመርበት፤ ዕጥፍ የሚችል ሞተር መምረጥ ይሻላል። ክንዱን ማሳጠርም ድካሙን ይቀንሳል፤ ነገር ግን የምትሐቱ መነሣትና መውረድ በዚያው ልክ ያንሳል።

በማይክሮዌቭ ምግብ ማሞቂያ ውስጥ ሳሕኑን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር በደቂቃ 5 ወይም 6 ጊዜ ብቻ ይዞራል። ዝግታው መልካም ነው፤ ጕልበቱ ግን የአሻንጉሊት ራስ ብቻ ለማዞር ይበቃል እንጂ ሙሉውን አያነሣም። ሲነሣም አንዳንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንዳንድ ጊዜ ወደ ግራ ይጀምራል። ሥጋ በእሳት ላይ እያዞረ የሚጠብሰው ሞተር ብርቱ ነው፤ ነገር ግን እጅግ ስለሚዘገይ ምትሐቱ ያንቀላፋ ይመስላል። ደግሞ ብዙዎቹ የሚሠሩት በቤት ኤሌክትሪክ፤ ማለት በአሜሪካ በ120 ቮልት ነው። ይህ በእርጥብ ደጅ፤ ልጆች በሚተላለፉበት ቦታ ሰው የሚገድል ነው።

ከሁሉ የሚሻለው የአውቶሞቢል ዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው። መጥረጊያው ራሱ ሲጀመር ሞተር አልነበረውም፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1903 ዓመት ሜሪ አንደርሰን የተባለች አሜሪካዊት መብት ያወጣችለት መጥረጊያ በእጅ የሚንቀሳቀስ ነበረ። ዛሬ ግን በያንዳንዱ አውቶሞቢል ላይ ስለሚገኝ፤ አሮጌ አውቶሞቢል ከሚፈታበት ቦታ በጥቂት ገንዘብ ይገዛል። ከሞተሩ ዘንግ ላይ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ጥርስ ትልቁን መንኰራኵር ቀስ አድርጎ ይገፋዋል፤ በዚህም ምክንያት ሞተሩ ብዙ ጊዜ ሲዞር መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል። የተሠራውም ዝናብ ሲወርድ ለረጅም ሰዓት እንዲሠራ ስለ ሆነ አንዲት ማታ አይከብደውም። የሚሠራበት 12 ቮልት ብቻ ስለ ሆነም ቢነካ እንደ ቤት ኤሌክትሪክ አይገድልም።

ይሁን እንጂ በ12 ቮልት በዝግታ መሥመሩ እንኳ በደቂቃ ከ40 እስከ 50 ጊዜ ያህል ስለሚዞር ለምትሐት ይፈጥናል። መድኀኒቱ በአሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ባለው የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ይገኛል። ከዚህ ሣጥን ቢጫው ሽቦ 12 ቮልት፤ ቀዩ 5 ቮልት ይሰጣል፤ ጥቍሩ መመለሻ ነው። አረንጓዴው ከጥቍሩ ጋር ሲገናኝ ሣጥኑ ይነሣል። ሞተሩ ከ5 ቮልቱ ጋር ቢታሰር ፍጥነቱ በዚያው መጠን ወርዶ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ይሆናል፤ የተፈለገውም ይኸው ነበር። የሣጥኑን ክዳን ግን መክፈት አይገባም፤ በውስጡ የቤቱ ኤሌክትሪክ አለና። እርሱም ከቤት ውስጥ ይቀመጥ፤ ወደ ደጅ የሚወጣው የ5 ቮልቱ ሽቦ ብቻ ይሁን። በአውቶሞቢል ባትሪ የሚሠራ ሰው ደግሞ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ያግባበት፤ ሽቦው በስሕተት ቢገናኝ ባትሪው ሽቦውን አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላልና። በአንዳንድ ሞተሮች የብረቱ አካል ራሱ እንደ መመለሻ ሽቦ ስለ ሆነ፤ ሞተሩን በእንጨት ላይ ማሰር ይገባል።

ስለ ጠመዝማዛው ጥርስ አንድ ብርቱ ነገር አለ። ሞተሩ ክንዱን ያዞረዋል፤ ክንዱ ግን ሞተሩን መልሶ ማዞር አይችልም። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ምትሐቱ ሳይወድቅ ባለበት ተሰቅሎ የሚቀረው ስለዚህ ነው። ነገር ግን የልጅ ጣት በክንዱና በእንጨቱ መካከል ቢያዝ፤ ኤሌክትሪኩ ከተቋረጠ በኋላ እንኳ ክንዱን ጐትቶ ጣቱን ማላቀቅ አይቻልም። ስለዚህ ሞተሩ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ይሰቀል፤ ዙሪያውም በሣጥን ይከደን። ማብሪያውና ማጥፊያው ግን ትልቅ ሰው ፈጥኖ በሚደርስበት በታች ይሁን። ከሦስቱ ክሮች በያንዳንዱ ላይ አንድ ስንዝር ያህል ከሌላው የሚደክም ክር ቢቀጠል መልካም ነው፤ ልጅ ቢጠመድበት የሚበጠሰው እርሱ ይሆናል።

ከበዓሉ በፊት ባለው ቀን ምትሐቱ ጨርቁን ሁሉ ለብሶ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሠራ። በሰዓቱ መጨረሻ ሠሪው ኤሌክትሪኩን አቋርጦ እጁን በሞተሩ ላይ ያኑር። እጅ የማያስቀምጥ ትኵሳት ካገኘ ክንዱን ያሳጥር፤ ወይም ከጨርቁ ይቀንስ። ክንዱን የያዘውንም ዳዶ ደግሞ ያጥብቅ፤ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የሚላላ እርሱ ነውና።