ነርቭ ሲጎዳ ሞርፊን ለምን ይደክማል?

ሞርፊንና መሰሎቹ ኦፒዮይድ ማስታገሻዎች በነርቭ ሴሎች ላይ «ሙ» ከተባሉ ተቀባዮች ጋር ተጣብቀው፣ የሕመም መልእክት በኅብለ ሰረሰር በኩል ወደ አንጎል እንዳያልፍ ያዳክማሉ። የኦፒዮይድ ተቀባዮች መኖር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። አጥንት ሲሰበር ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ መድኃኒቶቹ ፍቱን ናቸው። ነርቩ ራሱ ሲጎዳ ግን ኃይላቸው ይቀንሳል።

በነርቭ ጉዳት የሚመጣን ሕመም ለማጥናት ቤኔትና ዢዬ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 የላቦራቶሪ አይጥን የኋላ እግር ትልቁን ነርቭ በክር ላላ አድርገው አሰሩ። አይጡ ከዚያ በኋላ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ይይዛል፤ ቀላል ንክኪም ያሳምመዋል። ነርቭ ሲጎዳ በሕመም ነርቮች ላይ የሙ ተቀባዮች ያንሳሉ፤ የሞርፊንን ሥራ የሚቃወም ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ኬሚካል ይጨምራል፤ የኅብለ ሰረሰር ሴሎችም ከወትሮው በላይ ይነቃሉ። የሞርፊንን መጠን ከፍ ማድረግ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፤ ሆኖም የጎንዮሽ ጉዳቱም አብሮ ይጨምራል።

በሐሮ ወንጪ ሐይቅ ጎብኚ ለሚያመላልሱ ፈረሶችና በአምቦ ጋሪ ለሚጎትቱት ይህ ትልቅ ትርጉም አለው፤ ኮርቻና የጋሪ ዕቃ ነርቫቸውን ሊጎዳ ይችላልና። ሞርፊን የፈረስን የአንጀት እንቅስቃሴ አዘግይቶ ለሆድ ቁርጠት ሊዳርግ፣ ሊያቅበጠብጠውም ይችላል። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሞች ለነርቭ ሕመም እንደ ጋባፔንቲን ያሉ ሌሎች መድኃኒቶችን ይጨምራሉ። ከሁሉ የሚሻለው ግን መከላከል ነው፦ ልኩ የሆነ ኮርቻ፣ ከሥሩ ወፍራም ልባስ፣ ትከሻን የማይጫን የጋሪ ዕቃና በቂ ዕረፍት።