ጥርስ ምን ይናገራል?

ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ? ይህን መመለስ ቀላል ነው። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረ ፍጡር ምን ይበላ እንደነበር ግን እንዴት ማወቅ ይቻላል? በዚያ ዘመን ጽሑፍ አልነበረም። ምግቡም በስብሶ ጠፍቷል። የቀሩልን ጥርስና አጥንት ናቸው።

ጥርስን የሚሸፍነው ነጭ ክፍል በሰውነታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ይጠነክራል። ስለዚህ አፈር ውስጥ ለሚሊዮን ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ሳይንቲስቶች ይህን ጥርስ ሲመረምሩ አንዳንዴ ያልጠበቁትን መልስ ያገኛሉ። ጥሩ ምሳሌ የሚሆነን “ለውዝ ሰባሪው” ነው።

መልኩን አይተው ስም አወጡለት

እ.ኤ.አ. በ1959 ሜሪ ሊኪ የተባሉ እንግሊዛዊት ተመራማሪ በታንዛኒያ፣ ኦልዱቫይ በተባለ ሸለቆ ውስጥ አንድ የራስ ቅል አገኙ። ዕድሜው 1.75 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኋላ ጥርሶቹ ከእኛ ጥርሶች በጣም ይበልጣሉ። በአናቱ ላይ ደግሞ ትልልቅ የማኘኪያ ጡንቻዎች የሚያያዙበት ከፍ ያለ አጥንት አለ።

ዛሬ የዝርያው ሳይንሳዊ ስም ፓራንትሮፐስ ቦይሴይ ነው። የዚሁ ዝርያ የራስ ቅል በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በኮንሶም ተገኝቷል። የእሱ ዕድሜ 1.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

ይህን ትልቅ ጥርስ ያየ ሁሉ “ይህ ፍጡር ጠንካራ ፍሬ ይሰብር ነበር” ብሎ አሰበ። “ለውዝ ሰባሪው” የሚለው ቅጽል ስምም ከዚህ መጣ። ስሙም ሐሳቡም ለብዙ ዓመታት አብረው ኖሩ።

ጉድጓድና ጭረት

ምግብ ስናኝክ በጥርሳችን ላይ በዓይን የማይታዩ ምልክቶች ይቀራሉ። ጠንካራ ፍሬ የሚሰብር እንስሳ ጥርሱ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይበዛሉ። ቅጠል ወይም ሣር የሚያኝክ እንስሳ ጥርሱ ላይ ደግሞ ጭረት ይበዛል።

እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች የሰባት “ለውዝ ሰባሪዎችን” ጥርስ በማይክሮስኮፕ የመረመሩበት ጥናት ታተመ። በአንዱም ላይ ጠንካራ ነገር የመስበር ምልክት አላገኙም! ነገር ግን እንዲህ ያለው ምልክት ቶሎ ይጠፋል። የሚያሳየው ከመሞት በፊት በነበሩት ቀናት ወይም ሳምንታት የተበላውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሌላ ማስረጃ ያስፈልግ ነበር።

ከጥርስ የተፋቀ ዱቄት

ዕፅዋት ሁሉ ከአየር ካርቦን ይወስዳሉ። ካርቦን ቀላልና ከበድ ያለ ዓይነት አለው። እነዚህ ዓይነቶች አይሶቶፕ ይባላሉ። ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎች፣ ስንዴ፣ ገብስና ሩዝ ከባዱን ካርቦን ያነሰ ይይዛሉ። በሞቃት አገር የሚበቅሉ ብዙ ሣሮች፣ እንዲሁም ጤፍ፣ ማሽላና በቆሎ ትንሽ ከፍ ያለ መጠን አላቸው። የምንበላው ካርቦን ወደ ጥርሳችን ይገባል። ስለዚህ ከጥርስ ላይ ጥቂት ዱቄት ፍቆ በመለካት ምግቡ ከየትኛው ወገን እንደነበረ ማወቅ ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣ ጥናት፣ በኬንያ ከተገኙ 22 “ለውዝ ሰባሪዎች” የተወሰዱ 24 ጥርሶች በዚህ መንገድ ተለኩ። ከምግባቸው 77 በመቶ ያህሉ ከሣር ወገን የመጣ ነበር። ሣርና በውሃ ዳር የሚበቅል ቄጠማ ይበሉ ነበር ማለት ነው። በበዓል ቀን ቤት ውስጥ የምንጎዘጉዘውን ቄጠማ አስቡ!

ታዲያ ያ ትልቅ ጥርስ ምን ይሠራ ነበር? እንደ መዶሻ አይሰብርም፤ እንደ ወፍጮ ይፈጭ ነበር። ሣር ለማኘክ ብዙ ጊዜና ብዙ ጉልበት ያስፈልጋል። የጥርስ ቅርጽ ምን መብላት ይቻል እንደነበር ይነግረናል። በእርግጥ የተበላውን የሚነግሩን ግን ጭረቱና ካርቦኑ ናቸው።

በዚሁ ዘዴ ሌሎችም ተመርምረዋል። በአፋር የተገኘችው አርዲ ከ4.4 ሚሊዮን ዓመት በፊት ኖራለች። የእሷ ዝርያ በአብዛኛው ከዛፍና ከቁጥቋጦ የሚገኝ ምግብ ይበላ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በኋላ የመጡት የድንቅነሽ ወገኖች ግን የሣር ወገን የሆነ ምግብም ጨምረዋል። ሌላው ቀርቶ በጥርስ ላይ የሚደነድነው ቆሻሻ እንኳ ይጠቅማል። በኢራቅ፣ በሻኒዳር ዋሻ በተገኘ የኒያንደርታል ሰው ጥርስ ላይ፣ የገብስ ዘመድ የሆነ የሣር ዘር ቅሪት ተገኝቷል። አንዳንዱም በእሳት የበሰለ ነበር።

የእኛስ ጥርስ?

አጥንት በሕይወታችን ሙሉ ቀስ በቀስ ይታደሳል። የጥርስ ሽፋን ግን በልጅነት አንዴ ከተሠራ በኋላ አይታደስም። የልጅነት ምግባችንን እንደያዘ ይቀራል።

አንዲት አያት ጎጃም ውስጥ የጤፍ እንጀራ እየበሉ አደጉ እንበል። ከዚያ ወደ ስዊድን ሄደው አርባ ዓመት በስንዴ ዳቦና በድንች ኖሩ። አጥንታቸው በጊዜ ብዛት የስዊድንን ምግብ ይመስላል። ጥርሳቸው ግን ዛሬም የጎጃምን ጤፍ ይዟል። ስዊድን ተወልዶ በዳቦና በድንች ያደገ የልጅ ልጃቸው ጥርስ ሌላ ታሪክ ይናገራል። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠው አብረው ቢበሉም የሁለቱ ጥርስ አንድ አይደለም።

ጥርስ የማይናገረው ነገርም አለ። ጤፍ መበላቱን ያሳያል፤ እንጀራውን ማን እንደጋገረው፣ ወጡ ምን እንደነበረ፣ ማን ለማን እንዳጎረሰ ግን አያውቅም። አርዲንና ድንቅነሽን መጠየቅ አንችልም። አያቶቻችንን ግን መጠየቅ እንችላለን። በዚህ ሳምንት አያታችሁን፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን “ልጅ ሳላችሁ ምን ትበሉ ነበር? ማን ያበስልላችሁ ነበር?” ብላችሁ ጠይቁ። መልሱንም በአማርኛ ጻፉት።